ከሽንብራ እስከ ጤፍ፦ ደሴ ላይ የሠራነው የፕላኔት መፈለጊያ ሳጥን የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 9

በሳይንስ ክበባችን ዘንድሮ የሚሠራው ሥራ ተለይቷል። ሌሎች ኮከቦችን የሚዞሩ ፕላኔቶች አብዛኞቹ የተገኙት ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ የምትጋርደውን ጥቂት ብርሃን በመለካት ስለሆነ፣ ይህንኑ ዘዴ በአንድ ጥቁር ሳጥን ውስጥ በአምፖልና በእህል ፍሬ አሳንሰን እንሠራዋለን። ለኤግዚቢሽን የሚያምር ነገር ማቅረቡ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ ግን «ሕይወት ሊኖርባቸው ይችላል» እየተባለ ስማቸው የሚጠራው ፕላኔቶች ለምን በአብዛኛው ትንንሽ ቀያይ ኮከቦችን የሚዞሩ እንደሆኑ በራሳችን መለኪያ ማየት እንፈልጋለን። የኔ ግምት መልሱ ከሰማዩ ይልቅ ከመለኪያው ይመጣል የሚል ነው። ተማሪዎቹ በግምት አይረኩም፤ ባይረኩም ደግ ነው።

በኮከብ ፋንታ የምንጠቀመው በረንዳ ላይ የሚሰቀለውን ክብ ነጭ የመብራት መሸፈኛ ነው። ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ስሌቱን ያቀልልናል። ይህ ሉል ፀሐይ ቢሆን ምድር ከ1 ሚሊ ሜትር በጥቂቱ ታንሳለች። ሉሉን ትራፒስት-1 የተባለችው ድንክ ኮከብ ብናደርገው፣ ከምድር እምብዛም የማታንሰው ፕላኔቷ ትራፒስት-1 ኢ 7 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ኬፕለር-186 የተባለውን ኮከብ ብናደርገው፣ ኬፕለር-186 ኤፍ የተባለችው ፕላኔት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ትመጣለች። የሚጋረደው ብርሃን የስፋታቸው ንጽጽር በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ በመሆኑ ለመጀመሪያዋ 0.0084 በመቶ፣ ለሁለተኛዋ 0.5 በመቶ፣ ለሦስተኛዋ 0.04 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ ሦስቱም ፕላኔቶች በስፋት ተቀራራቢ ሆነው ሳለ አንዷ ከሌላዋ ስልሳ እጥፍ ጎልታ የምትታየው ኮከቧ ትንሽ በመሆኗ ብቻ ነው።

ጥቅምት 14

ካሊፐር የተባለውን ረቂቅ የስፋት መለኪያ ይዘን ገበያ ወረድን። 7 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ሽንብራ ማግኘት አላስቸገረም፤ ምንቃሩ እንዳያሳስተን ግን ክብነቱን እያየን መምረጥ ነበረብን። እህሉን የሚሸጡት እናት ፍሬ በፍሬ ስንለካ ጥቂት ከታገሡን በኋላ «ምነው መምህር፣ ሽንብራ በሜትር መሸጥ ተጀመረ እንዴ?» አሉኝ። «ለትምህርት ነው እማማ፤ ዓለም ልናደርገው ነው» ብላቸው አንድ እፍኝ ጨምረው መረቁልን። ከጎመን ዘር መካከል ጎላ ጎላ ያለውን ለይተን 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ አገኘን። ጤፉ ርዝመቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በጥቂቱ ያልፋል፣ ወርዱ ያንሳል፤ ስለዚህ ለምድር ከዚህ የቀረበ ነገር ከየትም አናመጣም።

ከእህሉ ሌላ ልጆች የሚጫወቱበት ብይም ገዝተናል። 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ኤችዲ 189733 ቢ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተገኘውንና ኮከቡን በ2.2 ቀን አንድ ጊዜ የሚዞረውን ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ይወክልልናል። ለሕይወት የሚሆን ነገር የለውም፤ ሳጥኑ መሥራት አለመሥራቱን ለመፈተን ግን ሁነኛ ነው።

ጥቅምት 27

ሳጥኑ ከቺፕውድ ተሠርቶ ውስጡ ጥቁር ተቀብቷል። ሉሉ በአንድ ጫፍ፣ የብርሃን ሴንሰሩ ከሉሉ መሐል 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ በሌላው ጫፍ ተተክሏል። ሴንሰሩ አርዱኢኖ ከተባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር፣ አርዱኢኖውም ከላፕቶፕ ጋር ተገናኝቷል። ሴንሰሩ በጣም ረቂቅ በሆነው አሠራሩ የሚለየው ትንሹ ልዩነት 0.11 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ሲሆን ከሉሉ የሚደርሰው ብርሃን ደግሞ 240 ሉክስ ያህል ነው። ይህ ማለት አንዱ የመለኪያ እርምጃ ከጠቅላላው ብርሃን 0.05 በመቶ ገደማ ነው።

በግድግዳው መብራት መሥራት እንደማይሆን በመጀመሪያው ምሽት ለየለት። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አምፖሉ የሚያሳየው መዋዠቅ ሽንብራውን ቀርቶ ብዩን የሚውጥ ነው። ስለዚህ ለሶላር የሚሸጠውን ባለ 12 ቮልት አምፖል ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘነው። አሁን የቀረው ሁለት ነገር ነው፤ አምፖሉ እስኪሞቅ ድረስ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብርሃኑ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ባትሪውም ሌሊቱን ሙሉ በጥቂቱ ይደክማል። ሁለቱም ዝግ ያሉ ለውጦች በመሆናቸው የእያንዳንዱን ልኬት ግራና ቀኝ አማካይ እያወጡ በዚያ በማካፈል ይጠፋሉ። ፕላኔት ፈላጊ የነበረው የኬፕለር የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃም የሚጸዳው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ኮከቦች ነጠብጣብ አላቸው፣ ይሽከረከራሉ፣ ብርሃናቸውም ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። እንዲያውም ፀሐይን የመሰሉት ኮከቦች አስቀድሞ ከተገመተው በላይ የሚዋዥቁ ሆነው መገኘታቸው ለኬፕለር ሥራ ትልቅ ዕንቅፋት ነበር።

ኅዳር 5

ብዩ አለፈ፤ ግራፉም ወረደ። 8 ሉክስ ያህል ነው የቀነሰው፤ ይህም ወደ 3.4 በመቶ ይጠጋል። በስፋት ንጽጽር ብቻ ቢሆን 2.6 በመቶ መሆን ነበረበት፤ ልዩነቱ የመጣው ብዩ ከሉሉ ይልቅ ለሴንሰሩ ስለሚቀርብና ተልቆ ስለሚታይ ነው። በእውነተኛው ሰማይ ርቀቱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ይህ ችግር የለም፤ እኛ ግን ለእያንዳንዱ ፍሬ በሲሶ አብዝተን እናሰላለን። ሴንሰሩን ማራቅ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ባራቅነው ቁጥር ብርሃኑ ይቀንሳል፣ የምናተርፈውን ያህል እንከስራለን።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሳበኝ የግራፉ ቅርጽ ነው። ወለሉ ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሳህን ጎድጎድ ብሏል። ሉሉ መሐሉ ላይ ደመቅ፣ ዳሩ ላይ ፈዘዝ ያለ በመሆኑ ብዩ መሐል ሲደርስ የሚጋርደው ብርሃን ይበዛል። ኮከቦችም ዳራቸው ከመሐላቸው ይፈዝዛል፤ ስለዚህ የእውነተኛ ፕላኔቶች ግራፍ ይህንኑ ጎድጓዳ ቅርጽ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዴቪድ ሻርቦኖና ባልደረቦቹ ኤችዲ 209458 ቢ የተባለው ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለኩ የተጠቀሙበት ቴሌስኮፕ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ከእኛ ሉል አይበልጥም። ያ ፕላኔት የሚጋርደው 1.5 በመቶ ያህል ሲሆን በመሣሪያ ትንሽነት የሚያመልጥ አልነበረም።

ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ 51 ፔጋሲ ቢን ያገኙት በሌላ ዘዴ ነው፤ ፕላኔቱ ኮከቡን ሲስበው የሚፈጠረውን ውዝዋዜ ከብርሃኑ ቀለም መንሸራተት ለይተው ለኩ፤ በ2019ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የእኛ ሳጥን ስለዚያ ዘዴ የሚናገረው የለም።

ኅዳር 16

ሽንብራውን በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ በሱፐር ግሉ አጣብቀን ከማዞራችን በፊት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሽቦው ብቻውን ምን ያህል ብርሃን እንደሚጋርድ ጠየቀች። ሰሌዳው ላይ አሰላችው። ሽቦው 0.3 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ከሉሉ ጠርዝ እስከ መሐል 50 ሚሊ ሜትር ይዘልቃል፤ የሚጋርደውም 15 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የጎመን ዘሩ ደግሞ ከ3 ካሬ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ፕላኔቱ ሳይሆን ተሸካሚው ነው የሚታየው። የዓሣ ማጥመጃ ክር ተሞከረ፤ እሱም ወፍራም ነው። በመጨረሻም ከራሷ አንዲት የፀጉር ዘለላ ነቅላ ካሊፐሩ ውስጥ አስገባች። ካሊፐሩ 0.07 ሚሊ ሜትር አነበበ። ይህች ዘለላ ከሉሉ ጠርዝ እስከ መሐል ስትዘረጋ 3.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ትጋርዳለች። አንዲት ፀጉር ከኬፕለር-186 ኤፍ ትበልጣለች ማለት ነው። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ በሳቅ ታመሰ፤ ነገሩ ግን ዛሬ የሠራነው ዋናው ሥራ ነው። በቁጥር ሲነገራቸው ያልገባቸው የ0.04 በመቶ ትንሽነት በጣታቸው መካከል ተያዘ።

መፍትሔው ግማሽ ሜትር የሚሰፋ ጥርት ያለ ክብ ፕላስቲክ ነው። ፍሬው በላዩ ላይ ይለጠፋል፤ ፕላስቲኩን በደቂቃ አንድ ጊዜ የሚዞር አነስተኛ ሞተር ያዞረዋል። ፕላስቲኩ ሁልጊዜ በሉሉ ፊት ስለሚገኝ ከብርሃኑ የሚቀንሰው እኩል ነው። ጭረቱና አቧራው ግን በየዙሩ በተመሳሳይ ቦታ እየመጣ ፕላኔት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ፍሬ ከመለጠፋችን በፊት ባዶውን አንድ ሌሊት አዙረን ያን ግራፍ ከኋለኛው እንቀንሳለን። በሰማይም ቢሆን የፕላኔት ጥላ የመሰለ ሁሉ ፕላኔት አይደለም፤ እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንድ ኮከቦች ከዒላማው ኮከብ ኋላ ተደርበው ብዙ ጊዜ ያሳስታሉ።

ኅዳር 26

ሽንብራው በመጀመሪያው ዙር ታየ፤ ሆኖም የሚያሳምን አልነበረም። 1.6 ሉክስ ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ወርዷልም፤ ነገር ግን በአካባቢው ያለው መርበትበት ዓይንን ያጠራጥራል። ዙሮቹን በልካቸው ቆርጠን አንዱን በሌላው ላይ ስንደራርባቸውና አማካያቸውን ስናወጣ መርበትበቱ ሟሸሸ፣ ጉድጓዱም ጥርት ብሎ ወጣ።

ትራፒስት-1 ከእኛ 40 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። በሚካኤል ጂዮን የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ሦስት ፕላኔቶች ማግኘቱን አሳወቀ፤ በየካቲት 2017 ደግሞ በስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፕ ረዥም ክትትል ሰባት መሆናቸው ተገለጸ። የመጨረሻዋ እንኳ ዙሯን የምትጨርሰው ከ19 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ከሰባቱ ኢ፣ ኤፍና ጂ የተባሉት ውሃ በገጻቸው ላይ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይበት በሚችለው ርቀት ላይ እንዳሉ ይታሰባል። ኢ በ6.1 ቀን አንዴ ስለምትዞር መደራረብ የሚቻል ዙር በአንድ ዓመት ብቻ ስልሳ ያህል ታስገኛለች። ምድርን ከሩቅ የሚለካት ሰው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቢበዛ ለ13 ሰዓት፣ ጥላዋን ያያል።

ታኅሣሥ 7

ዛሬ ከሳጥኑ ወጥተን በግቢው ውስጥ ሠራን። ጠዋት ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም እስከ ረፋዱ ሳይነሣ ስለቆየ ገመዱ ጫፉ ሳይታይ ነበር የተዘረጋው። ሉሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ብዩ በ44 ሴንቲ ሜትር፣ ሽንብራው በ2 ሜትር ከ65፣ የጎመን ዘሩ በ9 ሜትር ገደማ፣ ጤፏ በ10 ሜትር ከ75 ርቀት ላይ ነው መዞር ያለባቸው። ሳጥኑ ውስጥ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ አድርገናቸው ስለነበር ይህ ርቀት ሲገለጥ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ጤፏን በገመዱ ጫፍ በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠን ከሉሉ አጠገብ ለማየት ብንሞክር ከወረቀቱ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

ጥላው ለተመልካች የሚታየው ኮከቡ፣ ፕላኔቷና ተመልካቹ በአንድ መሥመር ላይ ሲውሉ ብቻ ነው። ይህ የመሆኑ ዕድል የኮከቡ ስፋት ግማሽ ለርቀቱ ሲካፈል ይገኛል። ለሽንብራው 2 በመቶ ያህል፣ ለጤፏ ከ215 አንድ ነው። ፀሐይን የመሰሉ 215 ኮከቦች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ምድር ቢኖራቸው በዚህ ዘዴ የምናገኘው በአማካይ አንዷን ብቻ ነው፤ እሷንም ለብዙ ዓመታት ዓይን ሳይነቅሉ ከጠበቁ። ኬፕለር ዓይኑን አንድ የሰማይ ክፍል ላይ ተክሎ 150,000 ያህል ኮከቦችን የጠበቀው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ትንሽ ኮከብ በሦስት መንገድ ያደላል፦ ጥላው ይጎላል፣ በመሥመር ላይ የመዋል ዕድሉ ይሰፋል፣ ዙሩም ያጥራል። ሦስቱም በአንድ ገመድና በአንድ ሳጥን ታይተዋል።

ታኅሣሥ 21

የጎመን ዘሩ አንድ ሙሉ ሌሊት ሲዞር አድሮ ጠዋት የተደራረበው ግራፍ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ታይቷል። ጥልቀቷ ከሴንሰሩ አንድ እርምጃ ብዙም አይበልጥም። ዘሩን ነቅለን በፕላስቲኩ ተቃራኒ በኩል ለጠፍነው፤ በማግስቱ ጉድጓዷ ግማሽ ዙር ተዛውራ ተገኘች። ከዚህ በኋላ ጭረት ነው ብሎ የሚከራከር ጠፋ።

ኬፕለር-186 ኤፍ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ሲታወጅ ውሃ ፈሳሽ ሊሆን በሚችልበት ቀጠና ውስጥ የተገኘች የመጀመሪያዋ የምድርን ያህል ፕላኔት ተብላ ነበር። ኮከቧን በ130 ቀን አንዴ ትዞራለች። ከኮከቧ የሚደርሳት ብርሃን ምድር ከፀሐይ ከሚደርሳት ሲሶ ገደማ ሲሆን ይህ ማርስ ከምታገኘውም ያንሳል። ኬፕለር ወደ ጠፈር የመጠቀው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ሲሆን በግንቦት 2013 እየተሽከረከሩ አቅጣጫውን ከሚያስጠብቁለት ጎማዎች ሁለተኛው ተበላሸበት። ለመታመን ቢያንስ ሦስት ጊዜ የምታልፍ ፕላኔት በሚፈለግበት ሥራ፣ በዓመት አንዴ የምትዞርን ፕላኔት ከሚዋዥቁ ኮከቦች መካከል ለይቶ ለማውጣት ያ ዕድሜ አጠረ። ፀሐይን በመሰለ ኮከብ ዙሪያ የምድር መንትያ እስካሁን አለመረጋገጧ እንደዚህ ዓይነት ፕላኔት ብርቅ ስለሆነች ነው ብዬ ለማሰብ እቸገራለሁ፤ ጤፍ የሚለካ ሚዛን ስላልነበረ ነው።

ጥር 16

ከንጋት በፊት ኮምቦልቻ ላይ ነበርን። አልፋ ሴንታውሪ በደቡብ በኩል፣ ከአድማስ 17 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ታየች። ጎረቤቷ ፕሮክሲማ የተባለችው ኮከብ በዓይን አትታይም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተገኘችው ፕላኔቷ ፕሮክሲማ ቢ በ4.2 የብርሃን ዓመት ርቀት የቅርባችን ስትሆን በ11.2 ቀን አንዴ ትዞራለች፤ የተገኘችው በኮከቧ ውዝዋዜ ነው፤ በፊቷ ስታልፍም አልታየችም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 በተሰጣት ዕድል «ቡና» ብላ የሰየመችው ኮከብና «አቦል» የተባለው ፕላኔትም እንዲሁ ናቸው። አቦል ከ2 ዓመት ተኩል በላይ በሚፈጅ ዙር የሚዞር፣ ከጁፒተር ብዙ ጊዜ የሚከብድ ግዙፍ ፕላኔት ነው። ተማሪዎቹ እሱንም በሳጥኑ ውስጥ እንድናስገባው ፈልገው ነበር፤ ጥላው ያልተለካ ፕላኔት ስለሆነ ቀርቷል።

የካቲት 2

ለኤግዚቢሽኑ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ረዥም ክርክር ተነሣ። ከሽንብራው ሥር «ለኑሮ ተስማሚ ፕላኔት» ተብሎ ይጻፍ የሚሉ ነበሩ። እኔ ተቃወምኩ። ሳጥኑ የሚነግረን ስፋቷንና የዙሯን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ርቀቷንና የሚደርሳትን ብርሃን እናሰላለን፤ እዚያ ላይ ያበቃል። ቬነስ ከምድር በስፋት 5 በመቶ ብቻ ታንሳለች፤ በእኛ ሳጥን ሌላ ጤፍ ናት፣ ገጿ ላይ ግን ሙቀቱ ከ460 ዲግሪ ይበልጣል። አየሯ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ኑሮ መናገር አይቻልም።

አየሩን ለማወቅ የሚደረገው ሥራ ደግሞ ገና በጅማሬው ነው። የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2023 ትራፒስት-1 ቢ ወፍራም አየር እንደሌላት፣ ትራፒስት-1 ሲም የቬነስን የመሰለ ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር እንደማይኖራት አሳይቷል። ሁለቱም ለኮከባቸው በጣም የቀረቡ ናቸው፤ ስለ ኢ ከነሱ ተነሥቶ መደምደም አይገባም። ሆኖም ትንንሽ ቀያይ ኮከቦች በወጣትነታቸው ኃይለኛ የብርሃን ፍንዳታ ስለሚያዘወትሩ የቅርብ ፕላኔቶችን አየር ሊገፉ ይችላሉ፤ ቅርበቱም ፕላኔቷ አንድ ፊቷን ብቻ ሁልጊዜ ለኮከቧ እንድትሰጥ ያስገድዳታል። ለመለካት የሚመቹን ኮከቦች ለመኖር የሚመቹ ላይሆኑ ይችላሉ።

በመጨረሻ የተስማማንበት ጽሑፍ ከእያንዳንዱ ፍሬ ሥር ስፋቱን፣ የዙሩን ቀን፣ ርቀቱን በሜትርና ከምድር ጋር ሲነጻጸር የሚደርሰውን ብርሃን ብቻ ይይዛል። ለትራፒስት-1 ኢ 65 በመቶ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለታወጀችው ቲኦአይ-700 ዲ ለተባለች ፕላኔት ደግሞ 87 በመቶ ገደማ ተብሎ ተጽፏል።

የካቲት 11

ጤፏ ተለጥፋ ሌሊቱን ዞራለች። ግራፉ ላይ ምንም የለም። ይህ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጥላዋ ከጎመን ዘሩ አምስት እጥፍ ያንሳል፣ ከሴንሰሩ አንድ እርምጃም ሩብ ያህል ናት። መርበትበቱ የሚቀንሰው በዙሮቹ ብዛት ካሬ ሥር ስለሆነ አምስት እጥፍ ያነሰን ጥላ በተመሳሳይ ጥራት ለማየት ሃያ አምስት እጥፍ ዙር ያስፈልጋል። ለጎመን ዘሩ አንድ ሌሊት ከበቃ ለጤፏ አንድ ወር ሊጠጋ ነው። ባትሪው በየቀኑ ቻርጅ መደረግ አለበት፤ ፕላስቲኩም አቧራ እንዳይጨምር ሳጥኑ ሳይከፈት መቆየት አለበት።

የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ፕላቶ የተባለውን ባለ 26 ካሜራ የጠፈር ቴሌስኮፕ እያዘጋጀ ያለው በመሠረቱ ለዚህችው ጤፍ ነው፤ ደማቅ የሆኑ፣ ፀሐይን የመሰሉ ኮከቦችን ለዓመታት እንዲከታተል። እኛም የባትሪውን ገመድ በጎን በኩል አውጥተን የሳጥኑን ክዳን በማሸጊያ አሽገነዋል። ቻርጅ የማድረጉን ተራ ተማሪዎቹ ተከፋፍለው በሩ ላይ ለጥፈዋል። ኤግዚቢሽኑ ከዚያ በፊት ከደረሰ የጤፏ ቦታ ያለ ግራፍ፣ ከሥሯ ስሌቱ ብቻ ተጽፎ ይቀርባል።